ቤት የሚያቆም፣ ደን የማያፈርስ እንጨት፦ የምዕራብ ጎንደር ቆላ የቤት ዛፎች ምርጫ

ከሱዳን ጋር በሚዋሰነው የምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ከሸሕዲ (ገንዳ ውኃ) ከተማ እስከ መተማ ዮሐንስና እስከ ቋራ ጫፍ ድረስ፣ የገጠሩ ቤት ዛሬም በአብዛኛው ከእንጨት፣ ከጭቃና ከሣር የሚሠራ በመሆኑ፣ የትኛው ዛፍ ለምሰሶ፣ የትኛው ለማገር፣ የትኛውስ ለወራጅ ይሁን የሚለው ጥያቄ የአናጺው ሥራ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ የደኑም ዕጣ አብሮ የሚወሰንበት ጉዳይ ሆኗል። ሰፋሪው በበዛ፣ የሰሊጥና የጥጥ እርሻም በሰፋ ቁጥር የቤት እንጨት ፍለጋው ከመንደር እየራቀ ስለ ሄደ፣ ጥሩ እንጨት መምረጥ ማለት የሚቆረጠውን ያህል የማይቆረጠውንም ለይቶ ማወቅ ማለት ሆኗል።

የእንጨት ምርጫው የሚጀምረው ከአየሩና ከአፈሩ ነው። የመተማ ወረዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ550 እስከ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ በዓመት ከ850 እስከ 1,100 ሚሊ ሜትር የሚደርሰው ዝናብ በክረምቱ ወራት ተጠቃሎ ይዘንባል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ደግሞ ሙቀቱ እስከ 43 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊደርስ ይችላል። ሜዳውን በስፋት የሸፈነው ዋልካ፣ ማለትም ጥቁሩ ሸክላማ አፈር፣ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በዚህም የተነሣ የተተከለን ቋሚ ከዓመት ዓመት እየነቀነቀ ያላላዋል። በዚህ ላይ ምስጥ አለ። ቋሚው ከአፈር በሚወጣበት ቦታ፣ እርጥበትና አየር በሚገናኙበት ቀለበት፣ መበስበሱም መበላቱም ስለሚፈጥን፣ ከላይ ጤነኛ የሚመስል ቤት ብዙ ጊዜ ከእግሩ ተበልቶ ያዘነብላል።

አንድ እንጨት ይህን የሚቋቋመው በስሙ ወይም በውፍረቱ ሳይሆን በግንዱ ውስጣዊ አሠራር ነው። በዕድሜ የገፋ ግንድ ሲቆረጥ ሁለት ቀለም ያሳያል፤ በቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለ ክፍል ውኃ የሚያመላልስና ምግብ የሚያከማች በመሆኑ ለምስጥና ለነቀዝ የተመቸ ሲሆን፣ ጠቆር ያለው መሐለኛው ክፍል፣ ማለትም ልቡ፣ ሥራውን ጨርሶ መራራና ሙጫ መሰል ንጥረ ነገሮችን ያከማቸ ስለ ሆነ ተባይን ይመክታል። ስለዚህ ከጠንካራ ዛፍም ቢሆን ለጋ ሆኖ የተቆረጠ ቋሚ፣ ልቡ ገና ስላልሞላ፣ የዛፉን ዝና ይዞ የዛፉን ዕድሜ አይሰጥም።

በአካባቢው ደን ውስጥ ለቋሚና ለምሰሶ ከሚፈለጉት ዛፎች አንዱ ቅርቅራ (አኖጌይሰስ ሌዮካርፓ) ነው፤ እሾሃማ ከሆነው ቁርቁራ ጋር መምታታት የሌለበት ይህ ዛፍ ከባድና ጠንካራ እንጨት ያለው ሲሆን፣ ከምዕራብ አፍሪካ ሳቫና እስከ ኢትዮጵያ ቆላ ድረስ ይበቅላል፤ በማሊ ቅጠሉ የባህላዊ ጨርቅ ማቅለሚያ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የሚጠቀሰው ወይባ (ተርሚናሊያ ብራውኒ) ቢጫ፣ ጠንካራና ምስጥን የሚቋቋም እንጨት አለው፤ ይሁን እንጂ የቆላ ሴቶች ለጭስ መታጠቢያ የሚፈልጉትም ይኸው ዛፍ በመሆኑ፣ ለቤትና ለጭስ የሚቆረጠው ተደምሮ ጫናውን ያከብደዋል። ጫሪያ (ፕቴሮካርፐስ ሉሴንስ) እንዲሁ ጠንካራ ነው። ዞቢ (ዳልበርጂያ ሜላኖክሲሎን) ከሁሉም ይከብዳል፤ ልቡ ውኃ ላይ አይንሳፈፍም፣ ክላርኔትን የመሰሉ የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚሠሩትም ከእርሱ ነው። ነገር ግን ዕድገቱ እጅግ ዝግተኛ፣ ግንዱም አጭርና ጠማማ ስለ ሆነ፣ በዓለም አቀፍ ደረጃም ለመጥፋት አደጋ የተቃረበ ተብሎ ስለ ተመዘገበ፣ ለጎጆ ቋሚ እርሱን መቁረጥ ትርፉ ከኪሳራው ያነሰ ነው።

ግድግዳውንና ጣራውን በተመለከተ የቆላው ትልቁ ሀብት ሽመል (ኦክሲቴናንቴራ አቢሲኒካ) ነው። ከደጋው ቀርከሃ የሚለየው ግንዱ ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ በመሆኑ ሲሆን፣ ይህም ለማገር፣ ለወራጅና ለአጥር ተመራጭ ያደርገዋል። በቋራና በመተማ የሚኖሩት ጉሙዞች ቤታቸውን በሽመል ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ሽመል ከተቆረጠ በኋላ ከሥሩ እንደገና የሚያቆጠቁጥ በመሆኑ፣ በአግባቡ ከተያዘ ግንድ ተቆርጦ ዛፍ የሚሞትበትን ጥፋት ያስቀራል፤ ድክመቱ በውስጡ ያለው ስታርች ነቀዝን መሳቡ ነው። ስለዚህ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ብቻ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሊቆረጥ፣ በጥላም ሊደርቅ ይገባል፤ በቤቱ ውስጥ የሚነደው የምድጃ ጭስም ጣራውን ለዓመታት ከነቀዝ ይጠብቃል።

ታዲያ ቤቱን ሙሉ በሙሉ ከግንድ ለምን አይሠሩትም ቢባል፣ ግንድን አግድም እየደራረቡ ሙሉ ግድግዳ የማቆም ስልት በስካንዲኔቪያና በሩሲያ የዳበረው ቀጥ ብለው የሚያድጉ ጥድ መሰል ዛፎች በገፍ ስላሉ ነው። የመተማ ዛፎች አጭር፣ ጠማማና ከባድ በመሆናቸው፣ እንዲህ ያለ አንድ ቤት ለብዙ ጎጆ የሚበቃ ግንድ ይፈጃል፤ በአገር ውስጥም እንኳ የደብረ ዳሞና የይምርሐነ ክርስቶስ አብያተ ክርስቲያናት የቆሙት እንጨትን ከድንጋይ ጋር በማፈራረቅ ነው። ስለዚህ ጥቂት ጠንካራ ቋሚ፣ በርካታ ሽመልና ብዙ ጭቃ ያለበት የአካባቢው አሠራር በድህነት የተመረጠ ሳይሆን ለቦታው የሚስማማ ስሌት ነው።

ይህ ስሌት የተናጋው የሰውና የዛፍ ትውውቅ በተቋረጠበት ጊዜ ነው። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራም ከደጋው ወደ መተማና ወደ ቋራ የመጡ ቤተሰቦች የሚያውቁት ጥድን፣ ወይራንና ባሕር ዛፍን በመሆኑ፣ በአዲሱ ቀያቸው የማያውቁትን ደን እየቆረጡ ቤት መሥራትና እርሻ ማቅናት ነበረባቸው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ በመተማ በኩል ስደተኞች ገብተው በመጀመሪያ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች በመስፈራቸው፣ የመጠለያና የማገዶ እንጨት ፍላጎት ተጨምሯል።

ከሁሉ ይበልጥ ሊጠበቅ የሚገባው የዕጣን ዛፍ (ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ) ነው። እንጨቱ ለስላሳና ቶሎ የሚበሰብስ በመሆኑ ለቋሚነት አይረባም፤ በሕይወት ሳለ ግን በበጋው ወራት ቅርፊቱ በትንሹ እየተፋቀ ለዓመታት ዕጣን ይሰጣል። የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በመተማ አካባቢ ባሉ 12 የጥናት ቦታዎች የሠሩትና በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ ችግኞች በከብትና በቃጠሎ ምክንያት ወደ ዛፍነት ስለማይደርሱ፣ ያደጉትም ዛፎች በብዛት ስለሚሞቱ፣ የዛፉ ቁጥር በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አመልክቷል። ስለዚህ ይህን ዛፍ ለማገር ወይም ለአጥር መቁረጥ፣ የአንድ ክረምት ጥቅም ለማግኘት የዘመን ገቢን መሸጥ ነው።

ሕጉም ዛፍ ለመትከል ዕድል ሰጥቷል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከመንግሥት ደን በተጨማሪ የግል፣ የማኅበረሰብና የማኅበራት ደንን ያወቀ በመሆኑ፣ የራሱን እንጨት የሚተክል ገበሬ ባለመብት ሊሆን ይችላል። ለቆላው የሚስማማው ቀይ ባሕር ዛፍ ለወራጅና ለጊዜያዊ ቋሚ በጓሮ ሲተከል፣ ቅርቅራና ወይባ የሚሸከሙትን ጫና ይቀንሳል።

በተግባር ሲታይም እንጨትን ከመምረጥ ያላነሰ ፋይዳ ያለው አያያዙ ነው። ልቡ የሞላ ግንድ በበጋ ተቆርጦ፣ ቅርፊቱ ወዲያው ተልጦ፣ በጥላ ከደረቀ በኋላ፣ ቋሚው በቀጥታ አፈር ውስጥ ከሚቀበር ይልቅ በድንጋይ መሠረት ላይ ቢቆም ዕድሜው ይረዝማል፤ ብዙዎች እግሩን የሚቀቡት የተቃጠለ ዘይት ወይም በእሳት መለብለብ ግን፣ እንጨቱ ሲሰነጠቅ ምስጥ ስለሚገባ፣ ለብቻው አስተማማኝ አይደለም። የአንድ ቋሚ ዕድሜ በእጥፍ ሲጨምር ለእርሱ ምትክ የሚቆረጠው ዛፍ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ በሸሕዲና በዙሪያው ቤት የሚሠራ ሰው፣ ወረዳውና የግብርና ባለሙያውም፣ ከየትኛው ዛፍ ይቆረጥ ከሚለው አስቀድመው ስንት ዛፍ ይበቃል የሚለውን ሊጠይቁ፣ ቤት ባቆሙ ቁጥርም ከቆረጡት በላይ ሊተክሉ ይገባል።