የበር ገንዘብና የእንግሊዝ እግር ኳስ

በእንግሊዝ አገር ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ኳስ ሜዳ መሄድ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ የሠራተኛው ሕዝብ ልማድ ነው። ዛሬ ግን ደጋፊዎች በተገናኙበት ስፍራ ሁሉ የሚነሣው ክርክር ማን አገባ የሚለው ብቻ አይደለም። ስንት ሰው ገባ፣ ተጫዋቹ በስንት ተዛወረ፣ የመግቢያውስ ዋጋ እስከ የት ይደርሳል የሚለው ጭምር ነው። ነገሩ ከወዴት እንደ መጣ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይገባናል፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1948 ተጀምሮ በ1949 በተፈጸመው የውድድር ዘመን፣ የሊጉን ጨዋታዎች ለማየት በበር የገባው ሰው ከ41 ሚሊዮን በላይ ነበር። የክለቦቹም ዋና ገቢ ይኸው የበር ገንዘብ ነበር። ተጫዋቹ ግን እስከ 1961 መጀመሪያ ጸንቶ በቈየው ወሰን መሠረት በሳምንት ከ20 ፓውንድ በላይ ሊከፈለው አይችልም ነበር። የተጫዋቾች ማኅበር በሊቀ መንበሩ በጂሚ ሂል መሪነት ተከራክሮ ወሰኑን ባስነሣ ጊዜ፣ የፉልሃሙ ጆኒ ሄይንስ ደመወዝ ብዙም ሳይቈይ 100 ፓውንድ ሆነ። ደመወዙ በእርከን የተወሰነ ሰው ይህን ሲሰማ ሳይቀና አይቀርም! ሆኖም ለተጫዋቹ የሚገባ ፍትሕ ነበር፤ የክለቦቹ ሒሳብ ግን ከዚያ ወዲያ እንደ ቀድሞው አልሆነም።

የዝውውሩም ዋጋ እንደዚሁ ነው። በ1905 አልፍ ኮመን ከሰንደርላንድ ወደ ሚድልስብራ በ1,000 ፓውንድ ሲሄድ አገሩ ሁሉ ጉድ ብሎ ነበር። በ1979 ትሬቨር ፍራንሲስ 1 ሚሊዮን፣ በ2021 ጃክ ግሪሊሽ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣባቸው።

በዚህ መካከል ተመልካቹ ሸሸ። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ገባ፤ በሜዳው ዙሪያ የጎረምሶች ጠብ በዛ፤ መቆሚያዎቹም አረጁ። በ1986 በተፈጸመው የውድድር ዘመን ቍጥሩ ወደ 16 ሚሊዮን ተኩል ግድም ወረደ። በ1989 ደግሞ በሸፊልድ ከተማ በሂልስበሮ ሜዳ በደረሰው መጨናነቅ ምክንያት የሞቱት ሰዎች በጠቅላላው 97 ናቸው። አደጋውን የመረመሩት ዳኛ ቴይለር በታላላቆቹ ሜዳዎች ሕዝቡ ሁሉ ተቀምጦ እንዲመለከት ሐሳብ ሲያቀርቡ፣ የመቀመጫው ዋጋ ቆሞ ይመለከት የነበረውን ሰው አቅም እንዲያገናዝብ አሳስበው ነበር። የመጀመሪያው ምክር ተፈጸመ፤ ሁለተኛው ተዘነጋ።

የሚያስገርመው ዋጋው ሲወደድ ሜዳው መሙላቱ ነው። ሰው ያለ ፍርሃት ቤተ ሰቡን ይዞ መግባት ቻለ፤ በ1992 የተቋቋመው ፕሪምየር ሊግም በቴሌቪዥን ገንዘብ ስመ ጥር ተጫዋቾችን አመጣ። በአዲስ አበባ ሻይ ቤት ተቀምጠን የምንመለከተው እኛም ሳናውቀው ከፋዮች ሆነናል። ነገር ግን የገባው ገንዘብ ለደመወዝና ለዝውውር ስለሚፈስ፣ በበሩ ላይ ያለው ሰው ዕዳ አልቀለለም።

በየካቲት 2016 የሊቨርፑል ባለቤቶች ለአንዳንድ መቀመጫዎች 77 ፓውንድ ሊያስከፍሉ ማሰባቸው ተሰማ። ቡድኑ ሰንደርላንድን 2 ለ0 እየመራ ሳለ፣ በ77ኛው ደቂቃ ላይ በሺህ የሚቈጠሩ ደጋፊዎች ተነሥተው አንፊልድን ለቀው ወጡ። ጨዋታው 2 ለ2 ተፈጸመ፤ ባለቤቶቹም በጥቂት ቀናት ውስጥ አሳባቸውን ሰረዙ። በመጋቢትም የፕሪምየር ሊግ ክለቦች እንግዳ ሆኖ ለሚመጣ ደጋፊ ዋጋው ከ30 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተስማሙ። ባዶ መቀመጫ በቴሌቪዥን ሲታይ ገበያውን እንደሚያበላሽ ነጋዴው ያውቃልና!

ታናናሾቹ ክለቦች ግን ይህን ያህል ትከሻ የላቸውም። በ1885 የተመሠረተው፣ የእንግሊዝን ዋንጫ ሁለት ጊዜ የወሰደው ቡሪ፣ ዕዳውን መክፈል ስላልቻለ በነሐሴ 2019 ከሊጉ ተሰረዘ። የክለቦችን ገንዘብ አያያዝ የሚከታተል ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት በሕግ የቆመው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2025 ነው። የቡሪ ሰዎች ግን ሕጉን አልጠበቁም፤ በ2023 ክለቡ በጥንት ሜዳው በጊግ ሌን፣ በዘጠነኛው ደረጃ፣ እንደ ገና መጫወት ሲጀምር በሺህ የሚቈጠር ሰው ከፍሎ ገባ።