ቻርጀር ሲገዛ፤ መግጠምና መስማማት

ኮት ለማሰፋት ልብስ ሰፊ ዘንድ ስንሄድ ትከሻችንን፣ ክንዳችንንና ወገባችንን ሳናስለካ ገንዘብ የማንከፍል ሰዎች፣ የላፕቶፕ ቻርጀር ስንገዛ ግን ጫፉ ቀዳዳው ውስጥ መግባቱን ብቻ አይተን «ይበቃል» እንላለን። እኛም እንዲሁ ብለን ነበር፤ ዳሩ ግን ዋጋውን የከፈለው ባልንጀራችን ነው።

ይህ ባልንጀራችን የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስረክብ ሁለት ቀን ሲቀረው የቻርጀሩ ገመድ ተበጠሰበት። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ምክር ቢጠይቀን፣ እኛ ዲግሪ ይዘን የወጣን ነንና፣ ከቤታችን ተቀምጦ የነበረ አሮጌ ቻርጀር አንሥተን ሰጠነው። ጫፉ ልክ ገባ፤ ኮምፒዩተሩም በራ። «ከገጠመ ይሠራል» ብለን አሰናበትነው። በዚያው ሌሊት ቻርጀሩ እንደ ምጣድ ግሎ፣ የፕላስቲክ ቃጠሎ ሸትቶ ሞተ፤ ኮምፒዩተሩም ድርግም ብሎ ጠፋ። ሴቭ ሳያደርጋቸው የቀሩት አሥራ ሁለት ገጾችም አብረው ሄዱ።

በማግሥቱ አንገታችንን ደፍተን መርካቶ ወዳለ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ሄድን። በዕድሜ የገፉት እኒህ ሰው ሁለቱን ቻርጀሮች ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ በጀርባቸው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በጣታቸው እያመለከቱ፣ «ልጆቼ፣ ይህ የተጻፈው ለማን ይመስላችኋል?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ጽሑፉ የሚለው ይህን ነው። «ኢንፑት» የሚለው መስመር ከግድግዳ የሚገባውን ኀይል ያመለክታል። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ስለ ሆነ፣ ከ100 እስከ 240 የሚል ከተጻፈበት ያለ ሥጋት ይሰካል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከውም ቢሆን፣ ይህ ቁጥር ካለበት የሚያስፈልገው ጠፍጣፋ ጥርሱን የሚቀበል መለወጫ ብቻ ነው።

ዋናው ነገር ግን «አውትፑት» የሚለው፣ ማለት ወደ ኮምፒዩተሩ የሚወጣው ነው። ቮልቱ ከቀድሞው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ቢበልጥ ኮምፒዩተሩን ሊያቃጥል ይችላል። አምፔሩ ግን እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። ከትልቅ ጋን በትንሽ ዋንጫ ቢቀዱ ዋንጫው አይሰበርም፤ ኮምፒዩተሩም የሚበቃውን ብቻ ይወስዳል። ሁለቱ ሲባዙ ዋት ይገኛል። የባልንጀራችን ኮምፒዩተር 19.5 ቮልትና 4.62 አምፔር፣ ማለት 90 ዋት የሚፈልግ ነበር፤ እኛ የሰጠነው ግን 19.5 ቮልትና 2.31 አምፔር፣ ማለት 45 ዋት ነው። የበቅሎን ጭነት በውርንጭላ ላይ ጫንን ማለት ነው።

ጫፉ ክብ ከሆነ ደግሞ፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ትንሽ ሥዕል ከቀድሞው ጋር መመሳሰሉ ይታይ። በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች በዩኤስቢ ሲ ይሞላሉ፤ በዚህ ዐይነቱ ቻርጀሩና ኮምፒዩተሩ በቮልቱ ላይ ራሳቸው ይስማማሉ። ሆኖም ገዢው ዋቱን ከማየት አይድንም፤ ከ60 ዋት በላይ ከሆነም ገመዱ ራሱ 5 አምፔር የሚችል ሊሆን ይገባል።

ባልንጀራችን ከጠጋኙ 90 ዋት የሆነውን ገዝቶ፣ በቀረችው አንዲት ሌሊት ገጾቹን እንደ ገና ጽፎ አስረከበ። እንደ ፊተኞቹ ግን አልሆኑልኝም ይላል፤ እኛም ይህን ሲል በሰማን ቁጥር ዐይናችንን እንሰብራለን።

አንባብያን ሆይ፣ አሮጌው ቻርጀር ቢበላሽም ሳትጥሉ ወደ ሱቅ ይዛችሁት ሂዱ፤ ከጠፋም የላፕቶፑን ሆድ ገልብጣችሁ አንብቡ። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ካለማንበብ ደግሞ አሥራ ሁለት ገጽ መቅረቱን እኛ አይተናል።