ዝናብ ፈርቶ ወንዝ የገባው ልጅ

ዛሬ ከአንዲት የፈረንሳይኛ አባባል ጋር ላስተዋውቃችሁ ነው። አባባሏን መጀመሪያ ያገኘኋት መጽሐፍ ላይ አይደለም፤ ተሰድቤባት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመኑ 1989 ዓ.ም.፣ ቦታው ድሬዳዋ፣ እኔ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተማሪ። ያን ጊዜ ማትሪክ የሚባለው ፈተና ምን ያህል ያስጨንቅ እንደነበር ታላላቆቻችሁን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። የሒሳብ ፈተና በሚሰጥበት ዕለት ጠዋት «ሆዴን ቆረጠኝ» ብዬ አልጋ ውስጥ ተጠቅልዬ ቀረሁ። እማዬ ደንግጣ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ። «ጤና ጣቢያ እንሂድ» ብትለኝም «ትንሽ ልተኛበት፣ ይሻለኛል» አልኳት። እውነቱን ልንገራችሁ? ሆዴ ምንም አልሆነም ነበር። ፈተናውን ካልወሰድኩ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር እንደማይታሰብ አሳምሬ አውቃለሁ። የመፈተኛ ካርዴ፣ ሁለት የተቀረጹ እርሳሶችና ላጲሴ ትራሴ አጠገብ ተሰድረው ያዩኛል፤ እኔም አያቸዋለሁ።

ከቀትር በኋላ፣ ፈተናው ማለቁን ሳረጋግጥ፣ ሆዴ «ዳነ»። በራፋችን ላይ ቁጭ ብዬ ትኩስ ሳምቡሳ ስገምጥ ጎረቤታችን ጋሼ ከከዚራ በኩል ብቅ አለ። ጋሼ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበር። (እኛ ድሬዎች ትልቅ ሰውንም «አንተ» ማለታችንን እንደ ንቀት እንዳትቆጥሩብን፤ ፍቅር ነው።)

«ዛሬ ፈተና አልነበረም እንዴ?» አለኝ።

«አሞኝ ቀረሁ ጋሼ። ሆዴን።»

ሳምቡሳውን አየ። እኔን አየ። እንደገና ሳምቡሳውን አየ። «ግሪቡይ!» አለኝና መንገዱን ቀጠለ።

ለማታውቁ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ፈረንሳይኛ መስማት ብርቅ አልነበረም። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው፤ የኩባንያው የሥራ ቋንቋም ፈረንሳይኛ ነበር። አዲስ አበባ «ለገሃር» የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው «ጣቢያው» የሚል ትርጉም ካለው «ላ ጋር» ከሚለው ቃል ነው። ስለዚህ እነ ጋሼ ሲቆጡም ሲቀልዱም በፈረንሳይኛ ነበር። ግን ይህቺን ቃል ሰምቻት አላውቅም። ሌሊቱን ሙሉ ስትከነክነኝ አድራ በማግስቱ ቤቱ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ግሪቡይ ምን ማለት ነው?»

«ዝናብ ያበሰብሰኛል ብሎ ፈርቶ ወንዝ ውስጥ ዘሎ የገባ ልጅ ነው።»

«ደደብ ነህ ማለትህ ነው?»

«ደደብ ብትሆንማ ምን ብዬ እሰድብሃለሁ?» አለኝ።

እኔ ያደግኩበት አገር ግሪቡይ ደቻቱ ውስጥ ቢዘል አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ደረቅ አሸዋ ላይ ነበር። ፈረንሳይ ግን ዝናቡም ወንዙም ሞልቷል፤ ልጁም በሕዝቡ አፍ ላይ ከቆየ ብዙ ዘመኑ ነው። ስሙ «መሞነጫጨር» የሚል ትርጉም ካለው የፈረንሳይኛ ግስ ጋር ይያያዛል። ፈረንሳዮች አንድ ሰው ብልጥ የሆነ መስሎት ራሱን ሲጎዳ «እንደ ግሪቡይ ብልህ ነህ፣ ዝናብ ፈርተህ ውሃ ትገባለህ» ብለው ይሳለቁበታል። ደራሲዋ ጆርጅ ሳንድ እ.ኤ.አ. በ1850 «የእውነተኛው ግሪቡይ ታሪክ» የሚል የልጆች ተረት ጽፋለች። (ስሙ አያሳስታችሁ፣ ጆርጅ ሴት ናት።) ካውንቴስ ደ ሴጉር ደግሞ በ1862 «የግሪቡይ እህት» የተሰኘ ልቦለድ አሳትማለች። ዛሬም የፈረንሳይ ጋዜጦች አንድ መንግሥት የሚፈራውን ነገር በገዛ እጁ ሲጠራ ካዩ «የግሪቡይ ፖለቲካ» ይሉታል።

እኔ መጀመሪያ ላይ «ይሄማ የኛው ከድጡ ወደ ማጡ ነው» ብዬ ነበር። ግን ቆይቼ ሳስበው አይደለም። ከድጡ ወደ ማጡ የገባ ሰው ማጡን አላየውም፤ አንሸራትቶት ነው፣ ያሳዝናል። ግሪቡይ ግን ወንዙን ያየዋል። ውሃ እንደሚያረጥብም ያውቃል። ማንም አልገፋውም። እንዲያውም «አውቆ አበድ» የምንለው ሳይቀርበው አይቀርም። ታዲያ ሰው እያወቀ እንዴት እንዲህ ያደርጋል?

የፈረንሳይን ታሪክ ያነበበ ሰው ወዲያው አንድ ንጉሥ ትዝ ይለዋል፤ ሉዊ 16ኛ። አብዮቱ እ.ኤ.አ. በ1789 ፈነዳ። ንጉሡና ቤተሰቡ ከቬርሳይ ተወስደው ፓሪስ ውስጥ በቱይለሪ ቤተ መንግሥት በሕዝቡ ዓይን ሥር መኖር ጀመሩ። ሥልጣኑ ተቀንሷል፣ ይሰደባል፣ በሚያዝያ 1791 ከከተማ ወጣ ብሎ ሊሰነብት ሲል ሕዝቡ ሠረገላውን ከብቦ አስቀርቶታል። ይሄ እንግዲህ ዝናቡ ነው። ያበሰብሳል፤ ግን አይገድልም። ያን ጊዜ ከምክር ቤቱ አባላት አብዛኞቹ ይፈልጉ የነበረው በሕገ መንግሥት የሚገዛ ንጉሥ እንጂ ንጉሥ የሌለባት ፈረንሳይን አልነበረም።

አስቀድሞ የመከረውም ሰው ነበረ። ሚራቦ የተባለው ዝነኛ የምክር ቤት አባል ገና በ1789 በጻፈው ማስታወሻ ወደ ድንበር መሸሽ በሕዝብ ላይ ጦርነት እንደማወጅና ዘውድን በገዛ እጅ እንደማውለቅ መሆኑን አስጠንቅቋል። ታዲያ ሉዊ በ1791 ወዴት ሸሸ? ወደ ድንበር! ሰኔ 20 ለ21 አጥቢያ፣ እ.ኤ.አ. ነው የምላችሁ፣ እንደ አሽከር ለብሶ ንግሥቲቱን፣ እህቱንና ልጆቹን ይዞ በትልቅ ሠረገላ ወጣ። ዙፋኑን የሚክድ ያህል በሚቆጠር አነጋገር እስከዚያ ድረስ የተስማማበትን ሁሉ የሚያወግዝ ጽሑፍም ትቶ ሄደ። መንገድ ላይ ድሩዌ የተባለ የፖስታ ፈረሶች ጣቢያ ኃላፊ ለየው፤ መልኩን በወረቀት ገንዘብ ላይ ካለው ሥዕል ጋር አስተያይቶ ነው ይባላል። ድሩዌ በፈረስ ቀድሞ ቫሬን የምትባል ትንሽ ከተማ ደረሰ፣ ንጉሡም እዚያ ተያዘ።

የሚገርመው ምክር ቤቱ ያኔም ሊያድነው ሞክሯል። «ንጉሡ አልሸሸም፣ ተጠልፎ ነው» ብለው አወጁለት! ማን ያምናል? ጽሑፉን ራሱ ትቶ ሄዷልና። «ንጉሥ አያስፈልገንም» የሚለው ድምፅ ከዚያ ወዲህ ጎላ። ዘውዱ ነሐሴ 10 ቀን 1792 ወደቀ፤ ሉዊ ደግሞ ጥር 21 ቀን 1793 አንገቱን በጊሎቲን ተቀላ።

ንግሥቲቱ ማሪ አንቷኔትም ከባሏ አልተሻለችም። በኅዳር 1791 ለፓሪስ ከንቲባነት ላፋዬትና ፔቲዮን ሲወዳደሩ፣ ቤተ መንግሥቱ ላፋዬትን አምርሮ ይጠላ ስለነበር የዘውዱ ተቃዋሚ የሆነው ፔቲዮን ቢመረጥ መረጠ። «ይባስ ብሎ ይበላሽ፣ ያኔ ሰው ሁሉ ወደኛ ይመለሳል» የሚል ስሌት ነው። ፈረንሳዮች ለዚህም ስም አላቸው፤ «የክፉኛው ፖለቲካ» ይሉታል። ፔቲዮን ተመረጠ፤ ነገሩም እንደታሰበው ባሰ። ወደ እነሱ የተመለሰ ግን አልነበረም።

እኔ ስለ ሉዊ ሳነብ አንድ ነገር ይታየኛል። ዝናብ መቼ እንደሚያባራ አይታወቅም፤ እየጠበቁ መቆም ነው የሚያቃጥለው። ወንዝ ግን አንዴ ከገቡበት አለቀ። ግሪቡይ ከዝናቡ ይልቅ የሸሸው ጥበቃውን ይመስለኛል።

እኔስ? እኔ እንኳ ንጉሥ አይደለሁም። ግን የእኔን ሆድ ቁርጠት በደንብ የገለጹልኝ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ናቸው፤ ስቲቨን በርግላስና ኤድዋርድ ጆንስ። እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙት ጥናት እንዲህ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሰብስበው ጥያቄ ሰጧቸው። ለግማሾቹ የሚሠራ ጥያቄ፣ ለሌሎቹ ደግሞ ከነጭራሹ መልስ የሌለው ጥያቄ! ሁሉንም ግን «በጣም ጎበዞች ናችሁ» አሏቸው። እስቲ አስቡት፤ ስትገምቱ ቆይታችሁ «አንደኛ ወጣችሁ» ስትባሉ። ከዚያ ተመሳሳይ ፈተና እንደገና ከመሰጠቱ በፊት ሁለት ዓይነት መድኃኒት አቀረቡላቸው። አንደኛው አእምሮን ያነቃል ተባለ፣ ሁለተኛው ደግሞ ያደነዝዛል። ምረጡ!

መልስ በሌለው ጥያቄ «ጎበዝ» ከተባሉት መካከል ወንዶቹ በብዛት የመረጡት የሚያደነዝዘውን ነበር። (መድኃኒቱን ማንም አልዋጠም፤ መፈለግ የተፈለገው ምርጫቸው ብቻ ነው።) በሴቶቹ ላይ ይህ ነገር እንዲያ ጎልቶ አልታየም፤ እህቶቼ ይህቺን ለወንድሞቻችሁ አንብቡላቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ልጁ ያገኘው ውጤት በችሎታው እንዳልመጣ ውስጡ ያውቃል። ሁለተኛ ቢፈተን ሊጋለጥ ነው። ካደነዘዘው በኋላ ቢወድቅ ግን «መድኃኒቱ ነው» ይላል። ወድቆም ጎበዝ እንደተባለ ይኖራል ማለት ነው።

አሁን ምስጢሬን ላውጣው። በክፍሌ «ኢንጂነሩ» ነበር የምባለው። 10ኛና 11ኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ያመጣኋቸው ማርኮች ግማሾቹ ግን አብሮኝ ከሚቀመጠው ጓደኛዬ ወረቀት የተቀዱ ነበሩ። እሱ አይከለክለኝም፣ እኔም አላፍርም። ማትሪክ ላይ ግን መቀመጫችን ተለያየ። ገብቼ ብፈተን የሰፈሩ ኢንጂነር ባዶ መሆኑ ሊታወቅ ነው፤ ብቀር ግን… እማዬ በማግስቱ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ታሞብኝ ነው እንጂ እሱማ ይደፍነው ነበር» ስትል ሰማኋት። ይሄን ሰምቼ ደስ አለኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አንድ ዓመቴን ከፍዬ የገዛሁት ዓረፍተ ነገር እሱ ነበር።

የዚህ መጽሔት አንባቢ ስለሆናችሁ ወዴት ልሄድ እንደምችል ገምታችሁ ይሆናል። አዎ፣ ውጤቱን ፈርቶ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ የማያደርግ ሰውም ከግሪቡይ ጋር ወንዝ ዳር ቆሟል። ደም ውስጥ ያለው ነገር ባለመመርመር አይለወጥም፤ የሚዘገየው ሕክምናው ነው። ወደ እኔ ጉዳይ ልመለስ።

ያ ዓመት ረዘመብኝ። ጓደኛዬ ምህንድስና ደርሶት አዲስ አበባ ሄደ። «ኢንጂነሩ» ይሉኝ የነበሩት ልጆች ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ መቀየር የጀመርኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ግን አልተወኝም። ሒሳብ አይችልም፤ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ማታ ማታ በራፉ ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጥና «አምጣው» ይለኛል። የሠራሁትን ገጽ እቆጥርለታለሁ። ትክክል ይሁን ስህተት አይጠይቅም፣ አይገባውምም። «የራስህ ነው?» ይላል። «የራሴ ነው» እላለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የራሴ የሆነው ሁሉ ስህተት ነበር። ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ እንደገና ጀመርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ኢንጂነር ተብዬ ክፍልፋይ መደመር ሲያቅተኝ ምን ያህል እንዳፈርኩ አትጠይቁኝ።

በ1990 ዓ.ም. በግል ተፈታኝነት ተመዝግቤ ቀረብኩ። የሒሳቡ ዕለት ጠዋት ሆዴን በእውነት ቆረጠኝ! እማዬ ዳማከሴውን ይዛ ስትመጣ ጠጣሁትና ካርዴን ይዤ ወጣሁ። ውጤቱ ሲመጣ ሒሳብ «ሲ» ሆነ። «ኤ» ይጠበቅበት የነበረ ልጅ «ሲ»! ሰፈሩ አወቀ፣ እማዬም ዝም አለች። ወረቀቱን ይዤ ጋሼ ጋ ሄድኩ።

መነጽሩን አድርጎ አየውና «ይቺ ሲ የራስህ ናት?» አለኝ።

«የራሴ ናት።»

«ረጠብክ?»

«ትንሽ» አልኩት።

ወደ ውስጥ ዞር ብሎ ባለቤቱን ተጣራ፤ «እስቲ ለዚህ ልጅ ሳምቡሳ አምጪለት!»