አዲሱ በሽታ አሮጌውን እንዳያስረሳን

ጤነኛ ሰው እስትንፋሱን አይቈጥርም። ሲሠራም ሆነ ሲተኛ፥ ሲናገርም ሆነ ሲዘምር፥ አየሩ ሳይጠራ ይገባለታል፤ ሳይለመን ይወጣለታል። ሳንባው በቈየ በሽታ የተጐዳ ሰው ግን ከዳገት ሥር ቆሞ ዳገቱን በእስትንፋሱ ብዛት ይለካዋል። ከጓዳ እስከ ደጅ ያለችው ርቀት ለእርሱ እንደ ሩቅ አገር መንገድ ናት። በደኅናው ቀን እንኳ አየርን እየቈጠበ የሚኖር እንዲህ ያለ ሰው በወረርሽኝ ጊዜ ምን እንደሚያገኘውና ምን ሊደረግለት እንደሚገባ ለክቡራን አንባብያን፥ ይልቁንም ለመምህራን፥ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ አስበናል።

በሽታው ምንድን ነው?

የሰው ሳንባ እንደ ተገለበጠ ዛፍ ነው። ግንዱ ከጉሮሮ የሚወርደው ዋናው የአየር ቧንቧ ነው። ቅርንጫፎቹ እየቀጠኑ ይሄዱና በመጨረሻ በመቶ ሚሊዮኖች በሚቈጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ያበቃሉ። ከውጭ የገባው ኦክሲጅን ወደ ደም የሚያልፈው፥ ከሰውነት የተሰበሰበው የተቃጠለ አየርም የሚወጣው፥ በእነዚህ ከረጢቶች ስስ ግድግዳ በኩል ነው። ለብዙ ዓመት ጭስ የገባበት ሳንባ ቧንቧዎቹ ያብጣሉ፤ አክታ ይሞላባቸዋል፤ የከረጢቶቹም ግድግዳ እየፈረሰ ይሄዳል። የፈረሰው ተመልሶ አይገነባም። በሽታው ሥር የሰደደ መባሉም ስለዚህ ነው።

ጭሱ ከሲጋራ ብቻ የሚመጣ አይደለም። በእንጨትና በኩበት እሳት እንጀራ ስትጋግር የኖረች እናት፥ ሲጋራ በአፏ ሳይዞር፥ ሳንባዋ እንደ አጫሽ ሳንባ ሊጐዳ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ታሞ የዳነ ሰውም ነቀርሳው ከለቀቀው በኋላ ጠባሳው ቀርቶበት ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፥ እ.ኤ.አ. በ2019 የአየር ቧንቧን የሚያጠብበው ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ በዓለም ላይ ከ3 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ገድሏል፤ ከሞት ምክንያቶችም ሁሉ ሦስተኛው ነበር።

ወረርሽኝ ሲመጣ የሚደርሰው ሁለት ጉዳት

አገራችን የትንፋሽ ወረርሽኝን ያወቀችው ዛሬ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የገባውና እስከ ዛሬ «የኅዳር በሽታ» እየተባለ የሚታወሰው ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ እንደ ፈጀ ይገመታል። በዚያን ዘመን በከተማው የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ከመቶ ዓመት በኋላ፥ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፥ የመጀመሪያው የኮቪድ በሽተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ ተለየ፤ የሚሌኒየም አዳራሽም የሕሙማን ማደሪያ ሆነ።

በዚያ ጊዜ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበትን ሰው ሁለት ጉዳት አገኘው። አንደኛው የታወቀ ነው። ጤነኛ ሳንባ በቂ መጠባበቂያ ስላለው ከፊሉ ቢታመም በቀረው ይተነፍሳል። መጠባበቂያው አስቀድሞ ያለቀበት ሳንባ ግን አዲስ በሽታ ሲጨመርበት ፈጥኖ ይሸነፋል።

ሁለተኛው ጉዳት ከፍርሃት የመጣ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከልዩ ልዩ አገሮች ተሰብስበው የተመረመሩ ጥናቶች እንዳሳዩት፥ ይህ ሕመም ተባብሶባቸው ሆስፒታል የሚተኙት ሰዎች ቍጥር በወረርሽኙ ጊዜ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ይህ ቍጥር ሁለት ፊት አለው። አፍንጫንና አፍን መሸፈን፥ እጅን መታጠብ፥ ከሰው መራቅ ጉንፋንን ስለ ከለከለ፥ ሕመሙ የማይባባስባቸው በዙ፤ ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ትንፋሽ እያጠራቸው ሆስፒታሉን ፈርተው ከቤታቸው የቀሩም ነበሩ፤ ይህ ያሳዝናል።

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ምሳሌ እናድርግ። ለአርባ ዓመት በጭስ ቤት እንጀራ የጋገረች አንዲት እናት አለች እንበል። ክረምት ሲመጣ ሳሏ ይብሳል፤ በየዓመቱም አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ተኝታ ትመለሳለች። በወረርሽኙ ዓመት ትንፋሿ ሲያጥር ልጇ «እማዬ፥ ሐኪም ቤት እንሂድ» ትላታለች። እናትዮዋም «ልጄ፥ ከዚያ ሄጄ በሽታ ከምሸምት ከቤቴ ብተኛ ይሻለኛል» ትላለች። ሦስት ቀን ትቈያለች። በአራተኛው ቀን ከንፈሯ ጠቍሮ፥ አእምሮዋ ደንግዞ በሰው ሸክም ትደርሳለች። በመጀመሪያው ቀን በመድኃኒትና በጥቂት ኦክሲጅን ሊመለስ ይችል የነበረው ሕመም በአራተኛው ቀን ለሐኪሙም የሚከብድ ይሆናል። እንግዲህ ይህችን እናት አደጋ ላይ የጣላት የሩቁ በሽታ ሳይሆን፥ እርሱን ፈርታ የተወችው የገዛ ሕመሟ ነው።

በሆስፒታል የሚደረገው እርዳታ

በኮቪድ ክፍል ኦክሲጅን ከመድኃኒት ሁሉ ይልቅ ተፈላጊ ነበር። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ላለባቸው ብዙዎች ግን ኦክሲጅን እንደ ሌላው መድኃኒት መጠን አለው። የተጐዳ ሳንባ ደሙን አየር ከማይደርስበት ክፍል እየመለሰ ወደ ደኅናው ክፍል ይልካል። ኦክሲጅን ያለ መጠን ሲገባ ይህ ሥርዓት ይፈርሳል፤ የተቃጠለው አየርም በደም ውስጥ ይከማቻል። በሽተኛው ራሱን ያመዋል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ ከበረታም ራሱን ይስታል። አስታማሚው «ተመስገን፥ ዕረፍት አገኘ» ሲል፥ በሽተኛው እየደከመ ነው።

ይህም በግምት የተነገረ አይደለም። በአውስትራሊያ፥ በታዝማንያ ደሴት፥ 405 በሽተኞች በአምቡላንስ ሲጓዙ እኵሌቶቹ እንደ ልማዱ ብዙ ኦክሲጅን፥ እኵሌቶቹም በደማቸው ያለው የኦክሲጅን ልክ ከመቶ 88 እስከ 92 እንዲሆን ተመጥኖ ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፥ በመጠን ከተሰጣቸው ወገን የሞቱት ከግማሽ በታች ሆነው ተገኙ። ስለዚህ እንዲህ ላለው በሽተኛ ሐኪሞች የሚወስኑት ልክ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ኦክሲጅን ክልክል ነው ማለታችን ግን ፈጽሞ አይደለም። ኦክሲጅን ያነሰው ሰው ወዲያው ሊሞት ይችላልና፥ ሲሰጠው እንቢ ማለት አይገባውም። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። መመጠኑ ለሌላው በሽተኛም ይተርፋል። ለምሳሌ 7,000 ሊትር የሚይዝ ትልቅ ሲሊንደር በደቂቃ 10 ሊትር ቢለቀቅበት 12 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፤ 2 ሊትር ቢለቀቅበት ግን ከ58 ሰዓት በላይ ይቈያል። መምህራን ይህን ሒሳብ ለተማሪዎቻቸው ቢሰጡ መልካም ነው።

በጣት ላይ የሚደረገው የኦክሲጅን መለኪያ በወረርሽኙ ጊዜ በብዙ ቤት ገብቷል። ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይታመንም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች፥ የጤነኛ ሰው ቍጥር እንኳ በባሕር ዳርቻ ካለው ሰው ዝቅ ይላል። ደግሞም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት እንዳስረዳው፥ መሣሪያው የተሰወረ የኦክሲጅን ማነስን ሳያሳይ የሚያልፈው በጥቍር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ ይልቅ ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። እንግዲህ ቍጥሩ ደኅና ቢመስልም፥ ሰውየው የሚያጣጥር ከሆነ የሚታመነው ሰውየው ነው።

በአፍ የሚሳበው መድኃኒት፥ ኢንሄለር የሚባለው፥ በወረርሽኝ ጊዜም አይቋረጥም። አንዳንዶች ሰውነትን ያደክማል ብለው ፈርተው ቢተዉት ሕመማቸው ይነሣባቸዋል። መድኃኒቱ በጉሮሮ ሳይቀር ሳንባ እንዲደርስ የሚያግዝ መሳቢያ ዕቃ ያልተገኘ እንደ ሆነም ዘዴ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 በደቡብ አፍሪካ፥ በኬፕ ታውን፥ አስም ባለባቸው ሕፃናት ላይ በተደረገ ጥናት፥ በሥሩ ተበስቶ ኢንሄለሩ በጥብቅ የተገጠመበት የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ከሚሸጠው ዕቃ እኵል ሠርቷል። አገጣጠሙን ከጤና ባለሙያ መማር ይገባል።

ሳይዘገይ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

1ኛ/ ትንፋሽ ከወትሮው ይልቅ ማጠር፥ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ማቋረጥ፤
2ኛ/ አክታው ሲበዛ ወይም መልኩ ሲለወጥ፥ ትኵሳትም ሲጨመርበት፤
3ኛ/ ኢንሄለሩ እንደ ቀድሞው ማሳረፉን ሲተው፤
4ኛ/ ከንፈርና ጥፍር ሲጠቍሩ፤
5ኛ/ በሽተኛው ያለ ጊዜው ሲያንቀላፋ ወይም ንግግሩ ሲዛባ።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከታዩ ሌሊቱ እስኪነጋ እንኳ አይጠበቅም።

ከመምህራንና ከጎረቤት የሚጠበቀው

በወረርሽኝ ጊዜ የሆስፒታል በር ይጨናነቃል፤ አስታማሚ እንዳይገባ ይከለከላል፤ ትንፋሽ ያጠረውም ሰው ታሪኩን ለመናገር አቅም የለውም። ነርሷ የማታውቀውን ልትጠነቀቅለት አትችልም። ስለዚህ የምናሳስበው ነገር ቀላል ነው፤ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይጠይቃል። ማንበብና መጻፍ የሚችል ሁሉ ትንፋሽ ለሚያጥረው ዘመዱና ጎረቤቱ በኪስ የሚያዝ ትንሽ ካርድ ይጻፍለት። ቃሉም ይህን የመሰለ ይሁን፦ «ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም አለብኝ። የምወስዳቸው መድኃኒቶች እነዚህ ናቸው። ሐኪሜ የወሰነልኝ የኦክሲጅን ልክ ይህ ነው። ቤተ ሰቤ የሚገኘው በዚህ አድራሻ ነው።» የኦክሲጅኑን ልክ ሐኪሙ ራሱ ይሙላው። በሽተኛው በደኅናው ቀን ለክትትል ሲሄድ ካርዱን ያሳይ፤ በጭንቁ ቀን ካርዱ ስለ እርሱ ይናገርለታል።

ከዚህም ጋር የማድ ቤት ጭስ መውጫ ይበጅለት፤ ሲጋራ ከቤት ይውጣ፤ የትምህርት ቤት መስኮት ይከፈት፤ ሐኪም የሚያዘው ክትባትም አይታለፍ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን የጥንቱን በሽታ በማሰብ ቆሻሻን ሰብስቦ የማቃጠል ልማድ አለን። መጥረጉና መሰብሰቡ የተመሰገነ ነው። ጭሱ ግን በሽታን አያባርርም፤ በዚያ ምሽት በየጎረቤቱ ሳንባው የደከመውን ሰው ያስጨንቀዋል። የተጠረገው ቆሻሻ ከመቃጠል ይልቅ ወደ ማስወገጃው ቢሄድ፥ የአባቶቻችን ሐሳብ ይበልጥ ይፈጸማል።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድን አስቸኳይ ሁኔታ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አብቅቷል ብሏል። ያች እናት ግን ዛሬም ከምጣዱ አጠገብ ትስላለች። ሌላ ወረርሽኝ ሲመጣ ካርድ ለመጻፍ ጊዜ አይኖርምና፥ በዚህ ሳምንት እንጻፍላት።