ከቡራዩ እስከ መርካቶ፦ መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው

የቤተሰብ አስቤዛ በአብዛኛው በእናት ትከሻ ላይ የወደቀ ተግባር ነው። በተለይም በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ የሚኖሩ ሠራተኛ እናቶች ከሳምንቱ የምትተርፋቸውን ጥቂት የዕረፍት ሰዓት የሚያውሉት በገበያ ነው። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። የበርበሬው፣ የልብሱና የድስቱ ነገር ሲነሣ ግን የብዙዎች ዓይን ዛሬም የሚያማትረው ወደ መርካቶ ነው።

መርካቶ በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። ከወረራው በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ የሚውለው በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን ነጋዴው ዛሬ አዲስ ከተማ ወደሚባለው ሰፈር እንዲዛወር ተደረገ። ዕቃው በየዓይነቱ ተለይቶ የሚሸጥ በመሆኑ ተራውን ያወቀች እናት ከከንቱ ድካም ትድናለች። በርበሬ በበርበሬ ተራ፣ የሀገር ልብስ በሸማ ተራ፣ ያገለገለ ቆርቆሮና ጣሳ በምናለሽ ተራ ይገኛል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ አካባቢ በደረሰው ቃጠሎ ብዙ ሱቆች ስለወደሙ፣ የቆየ ደንበኛ ያላት ገዢ ከመነሣቷ በፊት በስልክ ብትጠይቅ መልካም ነው።

ከቡራዩ የምትነሣ እናት በአሸዋ ሜዳ፣ በአስኮ፣ በዊንጌትና በጳውሎስ ሆስፒታል አድርጋ አውቶቡስ ተራ ትደርሳለች። የሰበታዋ በዓለም ገና፣ በአየር ጤናና በጦር ኃይሎች፣ የሱሉልታዋ ደግሞ በአዲሱ ገበያ በኩል ትመጣለች። እሑድ ብዙ ሱቆች ስለሚዘጉ የሚሻለው ቅዳሜ ጧት ነው። ማታ የታክሲ ሰልፍ ሳይረዝም መመለስ የሚቻለውም ማልዶ ሲወጣ ነው።

ይሁን እንጂ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፤ መርካቶ መውረዱ በእርግጥ ያተርፋል? ለምሳሌ ያህል በአንድ ኪሎ በርበሬ ላይ የ20 ብር ልዩነት ቢኖር፣ 5 ኪሎ የምትገዛ እናት የምታተርፈው 100 ብር ነው። የደርሶ መልስ ታክሲና የተሸካሚ ሒሳብ ከዚህ ከበለጠ፣ ትርፍ የመሰላት ነገር ኪሳራ ነው። የባከነው ቀንም በገንዘብ አይተመንም። ስለዚህ ጥቂት ነገር የምትሻ ከሰፈሯ ገበያ ብትገዛ ይበጃታል።

ብዙ ለሚገዙ ግን መላው መተባበር ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ያህል ስለሆነ አራት ጎረቤታሞች ቢካፈሉት ለእያንዳንዳቸው አራት ኪሎ ከሩብ ይደርሳቸዋል። በየተራ አንዷ ስትሄድ ሦስቱ ልጆቿን ይጠብቁላታል፤ ሕፃን በጀርባ አዝሎ በዚያ ግፊያ መጓዝም ይቀራል።

በርበሬ ሲገዛ ከተፈጨው ይልቅ ዛላው ይመረጣል፤ በተፈጨው ውስጥ ባዕድ ነገር ቢቀላቀል በዓይን መለየት ያስቸግራልና። ዛላው በእጅ ሲጨበጥ የሚንኮሻኮሽ መሆን አለበት። የረጠበ በርበሬ በሚዛን ከማሳሳቱም በላይ ይሻግታል፤ ከሻጋታው የሚወጣው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ ወጥ ሲቁላላም አይጠፋም። ስለሆነም ሻጋታ የታየበትን አጥቦና አስጥቶ ለመጠቀም መሞከር አይገባም።

ገንዘብን በሁለት ቦታ ከፍሎ መያዝ፣ የተሸካሚውን ዋጋ ዕቃው ከመነሣቱ በፊት መስማማት፣ ሚዛኑ ባዶውን ሳለ ማየትም ልማድ ሊሆን ይገባል። ደረሰኝ መጠየቅም ነውር አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴው ዋጋውን እንዲለጥፍና ለገዢው ደረሰኝ እንዲሰጥ ደንግጓል። የተበላሸ ዕቃ ገዝታ የምትመለስ እናት መከራከሪያዋ ያቺ ብጣሽ ወረቀት ናት።

እንግዲህ እናቶችና እህቶች፣ የሚገዛውን በወረቀት ጽፎ፣ ከጎረቤት ተመካክሮ፣ ሒሳቡን ቤት ሠርቶ መውጣት ይልመድብን። ድስቱን ጥዶ ከማልቀስ መጥኖ መደቆስ የሚቀለው ለወጥ ብቻ ሳይሆን ለደመወዝም ነው።