ሥዕላዊ መመሪያ ከመታተሙ በፊት በገበሬው እጅ ይፈተን

ባለሦስት ድርብ የእህል ማከማቻ ከረጢት አጠቃቀሙ ቀላል ይመስላል። በሚገባ የደረቀ እህል በውስጠኛው ላስቲክ ይሞላል፤ ከዚያም የሁለቱ ላስቲኮችና የውጭው ጆንያ አፍ በየተራ፣ ለየብቻው ይታሰራል። ነቀዙ በውስጡ የቀረውን ኦክሲጅን ጨርሶ ይሞታል። ሦስቱ አፎች ባንድነት ከታሰሩ ግን አየር ሊገባ ይችላል፤ የክረምቱ ቀለብና ዘርም ይነቀዛል። ሥዕሉ በስሕተት ቢነበብ የሚጎዳው ገበሬው ነው።

ስለዚህ ረቂቁን በእርሳስ ሥለን፣ ማንበብ ወደማይችሉ ገበሬዎች እንድንወስደው እንመክራለን። ጎተራውን የሚጠብቁት ብዙውን ጊዜ ሴቶች ስለሆኑ እነርሱ አይዘለሉ። ከረጢቱን፣ ሲባጎውንና ሥዕሉን ሰጥተን፣ ምንም ሳናስረዳ ሲሠሩ እንመልከት። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ አይረባም፤ እንግዳን ላለማሳፈር «አዎን» ማለት የአገራችን ወግ ነው። እጃቸው ያመነታበትን ሥዕል መመዝገብ ይበልጣል።

የ«×» ምልክት ክልክል ማለት መሆኑን ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ላያውቅ ይችላል፤ እንዲያውም መስቀል መስሎት በበጎ ሊተረጉመው ይችላል። ከ4 ሚሊ ሜትር እምብዛም የማይበልጠው ነቀዝም መዳፍ አክሎ ከተሣለ «እንዲህ ያለ እኛ ዘንድ የለም» ሊያሰኝ ይችላል።

የታረመው ረቂቅ ቀድሞ ላላዩት ሰዎች ይሰጥ። ለማኅበራት አመቺው ጊዜ ከረጢቱ ከመከፋፈሉ በፊት ያለው የአባላት ስብሰባ ቀን ነው።