በወረርሽኝ ወቅት የሆስፒታል ኮምፒውተሮችንና የሕሙማንን መረጃ መጠበቅ

ወረርሽኝ ሲከሰት በጤና ተቋማት የሚደረገው ጥንቃቄ በይበልጥ የሚታወቀው በአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ በእጅ መታጠብና በአካላዊ ርቀት ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ለዓይን የማይታይ ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ ይኸውም የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮችና በውስጣቸው የተመዘገበውን መረጃ መጠበቅ ነው። የላቦራቶሪ ውጤት፣ የመድኃኒት ማዘዣና የራጅ ምስል በኮምፒውተር በሚተላለፍበት ሆስፒታል የመረጃ መረቡ ሲቋረጥ ሕክምናውም ይስተጓጎላል።

የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ በተገለጸበት ዕለት፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በቼክ ሪፐብሊክ የሚገኘው የብርኖ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሳይበር ጥቃት ደርሶበታል። ሆስፒታሉ የኮቪድ-19 ምርመራ ከሚያካሂዱት የአገሪቱ ተቋማት አንዱ ነበር። ኮምፒውተሮቹ እንዲዘጉ ተደረገ፤ ቀዶ ሕክምናዎች ለሌላ ጊዜ ተላለፉ፤ አስቸኳይ ሕክምና የሚሹ አዳዲስ ሕሙማንም ወደ ሌላ ሆስፒታል ተላኩ።

ጥቃቱ በምን መንገድ ይገባል?

አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በተለመደ የሥራ መልእክት መልክ ነው። በአየርላንድ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ላይ የደረሰው ጥቃት የጀመረው መጋቢት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ከኢሜይል ጋር የተያያዘ አንድ ፋይል በመከፈቱ ነው። አጥቂዎቹ ለ8 ሳምንታት ያህል በመረቡ ውስጥ ተደብቀው ከቆዩ በኋላ ግንቦት 6 ቀን መረጃውን ቆልፈው ገንዘብ ጠየቁ። ሐኪሞችና ነርሶች ወደ ወረቀትና እስክሪብቶ ለመመለስ ተገደዱ።

ሁለተኛው መንገድ ያልታደሰ ሶፍትዌር ነው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥር ካሉት 236 የአስተዳደር ተቋማት ቢያንስ 80ዎቹን አውኳል። ቫይረሱ የገባበትን ክፍተት የሚደፍነው ማሻሻያ ግን ከሁለት ወር ገደማ በፊት ተለቅቆ ነበር።

ወረርሽኝ ይህን አደጋ ያባብሳል። ባለሙያዎች በሥራ ብዛት ይደክማሉ፤ ስለ ክትባትና ስለ መከላከያ ቁሳቁስ የሚገልጹ መልእክቶች በየሰዓቱ ይደርሷቸዋል፤ አጥቂዎችም ሐሰተኛ መልእክታቸውን በእነዚሁ ርዕሶች ይሸፍኑታል።

ከጤና ባለሙያዎች የሚጠበቅ ጥንቃቄ

1. ያልተጠበቀ ፋይል ወይም ሊንክ ከመክፈት በፊት ላኪውን በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በስልክ፣ ማረጋገጥ።
2. የይለፍ ቃልን ለሥራ ባልደረባም ቢሆን አለማጋራት። በአንዱ ስም ሌላው ሲሠራ መድኃኒቱን ያዘዘው ማን እንደሆነ ከመዝገቡ ማወቅ አይቻልም።
3. ከኮምፒውተሩ ሲነሱ መቆለፍ፣ የማሻሻያ ጥያቄንም ችላ አለማለት።
4. ምንጩ ያልታወቀ ፍላሽ አለመሰካት።
5. አጠራጣሪ ነገር ከከፈቱ ሳይደብቁ ወዲያውኑ ለሚመለከተው ክፍል ማሳወቅ። ኃላፊዎችም የሚያሳውቀውን ሠራተኛ ሊያበረታቱት ይገባል፤ ቅጣትን የሚፈራ ሠራተኛ ይደብቃልና።

ሆስፒታሉ በበኩሉ ከመረቡ ተለይቶ የሚቀመጥ የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ ሊኖረው ይገባል። የታማሚው ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶችና የማይስማሙት ነገሮች የሚሞሉበት የወረቀት ቅጽም በየክፍሉ መዘጋጀት አለበት። ሠራተኞች ያለ ኮምፒውተር መሥራትን አስቀድመው ከተለማመዱ በችግር ጊዜ አይደናገጡም።

ከሕሙማንና ከአስታማሚዎች የሚጠበቅ ትብብር

የሆስፒታል ሠራተኛ ውጤትን በስልክ ከመናገሩ በፊት የጠያቂውን ማንነት ማጣራቱ ታማሚውን ለመጠበቅ ነው። ውጤቱ ያለፈቃዱ የታወቀበት ሰው ለመገለል ሊዳረግ ይችላል፤ ይህን ያየ ሌላ ሰው ደግሞ ሕመሙን ደብቆ ከምርመራ ይርቃል፤ በሽታውም ሳይታወቅ ይዛመታል። የመረጃ ጥበቃ የወረርሽኝ መከላከል አካል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች መካከል መድቦታል።

ስለዚህ ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ስልካቸውን ለመሙላት በሆስፒታል ኮምፒውተር ላይ ከመሰካት፣ የካርድ ክፍል መዝገብንም ሆነ የኮምፒውተር ገጽን ፎቶግራፍ ከማንሳት መቆጠብ ይኖርባቸዋል። ከጤና ተቋም የተላከ በመምሰል ገንዘብ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ወይም የይለፍ ቃል የሚጠይቅ መልእክት ሲደርስም ምላሽ ከመስጠት በፊት በተቋሙ በአካል ተገኝቶ ወይም በጤና ሚኒስቴር ነፃ የስልክ መስመር 952 ደውሎ ማጣራት ይገባል።